በርበሬን ከዘር ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማብቀል

አዲስ አበባ ላይ በርበሬ ለመዝራት ጥሩው ጊዜ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ የተዘራ፣ መጋቢት ውስጥ ለትልቁ ዕቃ ይደርስና ክረምቱ ሳይገባ አብቦ ቃሪያ ይይዛል። ሰኔ ላይ ልጀምር ያለ ደመናና ብርድ ይጠብቀዋል፤ ሌሊቱ ሲበርድ በርበሬ አበባውን ያራግፋል። የሀላባና የማረቆ ገበሬ ደጅ መደብ ላይ ይዘራል፣ አገሩ ሙቅ ነዋ! አዲስ አበባ፣ ሰሚት ሰፈር ያለነው ግን ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ የጥር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ነው የምንጀምረው።

ዘሩን የማገኘው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነው። ነጋዴዋ «ስንት ኪሎ ልመዝን?» ስትል «አንድ እፍኝ ዛላ» ብትሏት ትስቃለች እንጂ አትከለክልም። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ካለ እሱን ምረጡ፤ ዛላው ወፈር ያለ፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን በፀሐይ ነው ወይስ በእሳት የደረቀው? የሚለው ነው። እሳት የነካው ዘር ሞቷል፤ ለድቁስ የታመሰውንማ ተዉት። ከአረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘርም ገና ስላልበሰለ ተስፋ አይጣልበትም። ዛላው ከተለቀመ ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ ከሆነው የሚበቅለው ዘር እየቀነሰ ይሄዳል።

ዛላውን ስትፈለፍሉ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ። የሚያቃጥለው በዋናነት ዘሩ ሳይሆን ዘሩ የተጣበቀበት ነጩ ክፍል ነው። ከነካችሁ ውሃ ብቻውን አያወጣውም፤ መጀመሪያ ዘይት ቀቡት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ሞላ ያለውንና የገለባ መልክ ያለውን ዘር ያዙ፤ የጠቆረውን ጣሉ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የበርበሬ ዘር ለመብቀል የሚፈልገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ጊዜ ብርሃን ባያይም ግድ የለውም። ሶፍት አርጥባችሁ ጨመቅ አድርጉት፣ ውሃ መንጠባጠብ የለበትም። ዘሩን በትኑበት፣ እጠፉትና ክዳን ያለው የእርጎ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። እኔ ዕቃውን የማስቀምጠው የቴሌቪዥኑ ሪሲቨር ላይ ነው፣ በመካከል ሳህን አድርጌ። ባለቤቴ «ኳስ እያየን ቃሪያ እንፈለፍላለን» እያለ ይቀልዳል፤ እንዲያውም ሪሲቨሩን እንዳያጠፋው ሰበብ ሆኖለታል። መብራት ከጠፋ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሉት። ሙቀቱ ከተገኘ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ነጭ ሥር ይታያል። 18 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከቆየ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዱም እዚያው ይበሰብሳል።

ሥሩ የሩዝ ፍሬ ግማሽ ሲያህል ወደ አፈር አዛውሩት። ግማሽ ሊትር ሀይላንድ መሃሉን ቆርጣችሁ የታችኛውን ክፍል በጋለ ሚስማር ብሱት። እኛ ሰፈር ያለው ጥቁር መረሬ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለብቻው አይሆንም። አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ከመትከላችሁ አንድ ቀን በፊት የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ሻጋታውን ይቀንሰዋል። ዘሩን ሥሩን ወደታች አድርጋችሁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። ሥሩን በጣት አትያዙት፣ በወረቀት ጫፍ አንሱት።

ብቅ ካለች በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የምትፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይበቃታል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ «እትዬ፣ የኔዎቹ ቁመታቸው ጥሩ ነው ግን ይወድቃሉ» ብላ ጠራችኝ። ሄጄ ሳይ ጨለማ ኮሪደር ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ እንደ ክር ቀጥነዋል። ምሥራቅ በሚያይ መስኮት ላይ አድርጉ፣ በየቀኑ ዕቃውን አዙሩት። መስኮቱ ጥላ ከሆነ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ በቀን ለ12 ወይም ለ14 ሰዓት ያህል አብሩ።

ውሃ ከላይ አታፍስሱ። ዕቃውን ውሃ ያለው ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ፣ አፈሩ ከታች ሲጠጣ ቆይታችሁ የተረፈውን ድፉት። ችግኙ አፈሩ ጫፍ ላይ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ከተጋደመ ውሃው በዝቶበታል፤ እሱ አይድንም፣ የሌሎቹን ውሃ ቀንሱና መስኮት ክፈቱላቸው። ዩሪያ የሚባል ነገር በዚህ ዕድሜ እንዳታስቡ፣ ያቃጥለዋል። ቤታችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደግሞ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይንካው፤ ትምባሆና በርበሬ ዘመዳሞች ናቸው፣ የትምባሆው ቫይረስ ወደ በርበሬው ይተላለፋል።

ስድስት ያህል ቅጠል ሲያወጣ በረንዳ አለማምዱት፦ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ላይ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ እስከ ሳምንት አስር ቀን። የአዲስ አበባ የመጋቢት ፀሐይ ያልለመደ ቅጠልን ነጭ አድርጎ ያነደዋል። ከዚያ የ20 ሊትር ዘይት ጄሪካን አናቱን ቆርጣችሁ፣ ታቹን ብሳችሁ አንድ እግር ብቻ ትከሉበት። ሁለት መትከል ያጓጓል፤ ግን አፈርና ውሃ ይሻማሉ፣ ሁለቱም ይቀጭጫሉ።

ቅጠሉን አልፎ አልፎ ገልብጣችሁ እዩ፣ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚሰፍረው ከቅጠሉ ሥር ነው። ጥቂት ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከበዛ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ማታ ማታ ርጩ። አበባ ሲመጣ ደግሞ ንብ ፎቅ ድረስ ባትወጣም ቅርንጫፉን በጣት ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል፣ አበባው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል።