ከደንገጎ በታችና ከደንገጎ በላይ፦ የዋርም ሚክስ አስፋልት ቅይጥ እንዴት ይነደፋል?

ከድሬዳዋ ፕላንት (የአስፋልት ማምረቻ) አስፋልት ጭኖ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ ገልባጭ መኪና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለች ከተማ ይደርሳል። ሆት ሚክስ አስፋልት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ስለሚመረት፣ በዚህ ጉዞ የሚያጣው ሙቀት ሩሎው ሥራውን ሳይጨርስ ቅይጡን ሊያጠነክረው ይችላል። ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ዝቅ ብሎ የሚመረተው ዋርም ሚክስ አስፋልት ቀዝቀዝ ብሎም ስለሚጠቀጠቅ ለእንዲህ ያለው መንገድ ተስማሚ ነው፤ ነዳጅና ጭስም ይቀንሳል። ነገር ግን የሆት ሚክሱን ዲዛይን እንዳለ ወስዶ ሙቀቱን ብቻ መቀነስ ንድፍ አይባልም። ቅይጡ በመንገዱ ላይ በሚያገኘው ሙቀት ሁሉ በላቦራቶሪ ተፈትኖ ማለፍ አለበት።

መጀመሪያ የሚወሰነው ሙቀቱ የሚቀነስበት ዘዴ ነው። አንደኛው ቢትመኑን (ጠጠሩን የሚያያይዘውን ጥቁር ማጣበቂያ) በጥቂት ውኃ አረፋ ማድረግ፣ ሁለተኛው ሰም መሰል ቁስ መጨመር፣ ሦስተኛው ኬሚካል መጨመር ነው። የአረፋው ዘዴ በላቦራቶሪ በትክክል እንዲፈተን ቢትመንን አረፋ የሚያደርግ አነስተኛ ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽኑ በሌለበት ቦታ ዘዴውን መምረጥ ያልተፈተነ ቅይጥ መንገድ ላይ እንደማንጠፍ ስለሚቆጠር አልመክረውም። ሰሙ ከ100 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲቀልጥ ቢትመኑን ያቀጥነዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያጠነክረዋል፤ መጠኑ በተለምዶ ከቢትመኑ ክብደት 1.5 በመቶ አካባቢ ነው። የኬሚካሉ መጠን ከዚህ ያነሰ ሲሆን፣ ለቢትመንና ለጠጠር ትስስር የሚረዱ ዓይነቶችም አሉት።

ጠጠሩ፣ አሸዋውና ፊለሩ (ዱቄት መሰሉ የድንጋይ ብናኝ) ከተመረጡ በኋላ የቢትመኑ መጠን ያለ ተጨማሪው ቁስ፣ በተለመደው የማርሻል ዘዴ (ናሙናው በመዶሻ ተመትቶ የሚጠቀጠቅበትና ጥንካሬው የሚለካበት ፈተና)፣ ለከባድ ትራፊክ በእያንዳንዱ ገጽ 75 ጊዜ በመምታት፣ 4 በመቶ የአየር ክፍተት ላይ ይወሰን። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ተጨማሪው ቁስ ቅይጡን በቀላሉ እንዲጠቀጠቅ ስለሚያደርገው የአየር ክፍተቱ ቶሎ ይወርዳል፤ ያንን አይቶ ቢትመን የሚቀንስ ሰው የመንገዱን ዕድሜ ያሳጥራል። ጠጠሩ ቢትመን አብዝቶ የማይመጥ ከሆነ፣ ማለትም የሚመጠው ቢትመን ከ1 በመቶ ካልበለጠ፣ የሆት ሚክሱና የዋርም ሚክሱ የክፍተት ልኬት በጣም ይቀራረባል። ከዚያ በላይ የሚመጥ ከሆነ ግን የክፍተቱ ስሌት በዋርም ሚክሱ ናሙናዎች እንደገና ይሠራ።

የሙቀት ምርጫው ላይ ሆት ሚክስ የለመደ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የቢትመኑን ቅጥነት ከሙቀት ጋር የሚያሳየው ግራፍ በዋርም ሚክስ የመደባለቂያና የመጠቅጠቂያ ሙቀትን አይነግረንም፤ ብዙዎቹ ተጨማሪ ቁሶች የሚሠሩት ቢትመኑን በማቅጠን ብቻ አይደለምና። ስለዚህ ሙቀቱ ታስቦ ይመረጣል፣ በፈተናም ይረጋገጣል። ለ60/70 ቢትመን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቢትመኑ ጠንካራ ነው) መደባለቂያውን 130፣ መጠቅጠቂያውን 115 ዲግሪ አድርጎ መጀመር ምክንያታዊ ነው። የተደባለቀው ናሙና ከመመታቱ በፊት በታቀደው የመጠቅጠቂያ ሙቀት ለ2 ሰዓት በኦቨን ይቆያል። ከዚያ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሽፋን ነው፦ ከትላልቆቹ ጠጠሮች ቢያንስ 95 በመቶው ሙሉ በሙሉ በቢትመን መሸፈን አለባቸው። ሁለተኛው የመጠቅጠቅ አቅም ነው፤ ጋይሬተሪ (ናሙናውን እያዞረ የሚጠቀጥቅ መሣሪያ) ያለው ላቦራቶሪ ቅይጡ ከከፍተኛው እፍጋቱ (ምንም የአየር ክፍተት ባይኖረው ከሚኖረው) 92 በመቶ እስኪደርስ የሚፈልገውን ዙር በታቀደው ሙቀትና ከዚያ በ30 ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ከ1.25 እጥፍ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ማርሻል ብቻ ያለን ሰዎች በሁለቱም ሙቀቶች እኩል መትተን የአየር ክፍተቱን ልዩነት ማወዳደር እንችላለን፤ ወደ ሐረር ለሚጫን ቅይጥ ይህ ፈተና ፈጽሞ መታለፍ የለበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውኃ ነው። በላቦራቶሪ ጠጠሩ በ110 ዲግሪ ኦቨን ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ስለሚደርቅ ንድፉ ሁልጊዜ ደረቅ ጠጠርን ነው የሚያየው። በፕላንት ግን ማድረቂያው ሙቀቱን ሲቀንስ፣ በተለይ ክረምት ላይ ክምሩ ሲርስ፣ በጠጠሩ ውስጥ የቀረ እርጥበት ከቢትመኑ ሥር ተሸሽጎ ይነጠፋል፤ ከጥቂት ዝናብ በኋላ ቢትመኑ ከጠጠሩ ይላቀቃል። እንደ ባቢሌው ግራናይት ሲሊካ የሚበዛበት ድንጋይ ከኖራ ድንጋይ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል። ፈተናው የሚከናወነው 7 በመቶ ገደማ የአየር ክፍተት ያላቸውን ናሙናዎች በሁለት ቡድን ከፍሎ ነው፤ አንዱ ቡድን ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ሌላው ክፍተቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ውኃ እንዲሞላ ተደርጎ በ60 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይነከራል። ሁለቱም በ25 ዲግሪ ከጎን ተጭነው ሲሰነጠቁ የእርጥቡ ጥንካሬ ከደረቁ ቢያንስ 80 በመቶ መሆን አለበት። ካልሆነ ከጠጠሩ ክብደት 1 በመቶ ገደማ በውኃ የበረደ ኖራ የፊለሩን ከፊል ተክቶ ይግባና ፈተናው ይደገም።

ከደንገጎ በታች ደግሞ ፀሐዩ ፈታኝ ነው። ቢትመን ሲመረት በሙቀት ይጠነክራል፤ ዋርም ሚክስ ውስጥ ግን ይህ ጥንካሬ በከፊል አይገኝም፣ ስለዚህ አዲስ የተነጠፈው ገጽ በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት፣ ከባድ መኪና ቀስ ብሎ በሚጎተትበት ዳገት ላይ፣ በጎማ መስመር ሊሰረጎድ ይችላል። የማርሻል ጥንካሬ በ60 ዲግሪ መለካቱ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ የጎማ ማመላለሻ መሣሪያ (ጎማ በናሙናው ላይ እያመላለሰ ስርጉደቱን የሚለካ) ባለበት ላቦራቶሪ ናሙና ማስፈተን ድካሙን የሚክስ ሥራ ነው። ውጤቱ ደካማ ከሆነ የሚቀየረው የቢትመኑ ዓይነት ወይም የጠጠሩ አወቃቀር ነው፦ ከ60/70 ወደ 40/50 መውረድ፣ ሰሙን መምረጥ፣ ወይም እንደ ደቻቱ ካለ ወንዝ የሚመጣውን ክብ አሸዋ ቀንሶ በክሬሸር የተፈጨውን ማብዛት።

ንድፉ በወረቀት ካለፈ በኋላ ፕላንቱ ላይ ሙከራ ይመረታል። ከመኪናው በሚወሰደው ናሙና ሽፋኑ፣ የአየር ክፍተቱና የውኃ ፈተናው ይደገሙ፤ የቅይጡ እርጥበትም ይለካ፣ ከ0.5 በመቶ ከበለጠም ማድረቂያው እንዲቆይ ወይም ሙቀቱ ከፍ እንዲል ይደረግ። ቅይጡ ለሐረር ከሆነ የሙከራው ንጣፍ ከፕላንቱ አጠገብ ሳይሆን ሐረር ላይ ይዘርጋ፤ መኪናው ሲደርስ ሙቀቱ ይመዝገብ፣ ኮርም (ከንጣፉ የሚወጣ ክብ ናሙና) ከዚያው ተቆርጦ እፍጋቱ ይታይ።