የደረቀ አንገቴን ያላቀቅሁበት መንገድ

ለስምንት ወራት ያህል አንገቴ ወደ ግራ አልዞር ብሎኝ፣ መኪናዬን ወደ ኋላ በምነዳበት ጊዜ መላ ሰውነቴን ካላዞርኩ በስተቀር መንገዱን ማየት ተስኖኝ ነበር። በመጀመሪያ ያደረግሁት፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው፣ አንገቴን እስኪንቋቋ ድረስ በኃይል መጠምዘዝ ነበር፤ ይህም ለአፍታ ፋታ ቢሰጠኝም በማግስቱ ሕመሙ ብሶ ይመለስ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሥራ ላይ አቀማመጤን ስመለከት ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አገጬ ወደ ላፕቶፑ በተሳበ ቁጥር ከማጅራት እስከ ትከሻ ያሉት ጡንቻዎች ይህን ክብደት ለመያዝ ተወጥረው ይውላሉ።

የረዳኝ ዝግታ ነው። ማታ ማታ ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቶቼን አጥፌ፣ የታጠፈ ጋቢ ከጭንቅላቴ ሥር አደርግና አፍንጫዬን በሁለት ጣት ስፋት ያህል ብቻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞራለሁ። ልብ የምለው ምን ያህል እንደዞርኩ ሳይሆን ትንፋሼ የሚያዝበትንና ጥርሴ የሚገጥምበትን ቦታ ነው፤ እዚያ ስደርስ ሳልገፋ እመለሳለሁ። ቀጥሎ ጭንቅላቴ ወደ ግራ ሲሄድ ዓይኖቼን ወደ ቀኝ እልካለሁ። እጅግ ያስገረመኝ ይህ ነው፤ ዓይኖቼ ሲላቀቁ አንገቴም አብሮ ይላላ ነበር። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሕመሙ እጅን የሚያደነዝዝ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ላፕቶፑን በወፍራም መዝገቦች ላይ ከፍ አድርጌ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ገዛሁ። በ5ኛው ሳምንት መኪናዬን ከግቢ ሳስወጣ፣ ወገቤ ሳይነቃነቅ በግራ ትከሻዬ በኩል በሩን አየሁት።