ማይኩ ፈንድሻ ሲያፈነዳ፦ የስቱዲዮ ኮንደንሰር ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። የስቱዲዮ ሰዎች ተራ በተራ ይደውላሉ። «ወንድሜ፣ ኖይማኑ ሞተብን!» ብዙ ጊዜ አልሞተም። በርዶታል፣ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ሁለቱም።

የማወራው ስለ ስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይኮች ነው፤ ስለ ኖይማን ዩ 87 ኤአይ፣ ስለ ኤኬጂ ሲ 414 እና ስለ መሰሎቻቸው። ፊትና ጀርባ ሁለት ዲያፍራም (ድምፅ የምትቀበል ስስ ሽፋን) ኖሯቸው በስዊች ካርዲዮይድ (ከፊት የሚሰማ)፣ ኦምኒ (ከዙሪያው ሁሉ የሚሰማ) ወይም ፊገር ኤይት (ከፊትና ከጀርባ የሚሰማ) ስለሚሆኑት። ኬብል ቀይራችሁ፣ ቻናል ቀይራችሁ፣ የፋንተሙን (በኬብሉ በኩል ማይኩን የሚመግበውን 48 ቮልት) መብራት አይታችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ ልነሳ።

ቀላል ቀላሉን ላሳልፍ።

ድምፁ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ከሆነ፣ ዘፋኙ በጀርባው በኩል እየዘፈነ ነው። ወይም እንደ መድረክ ማይክ ጫፉ ላይ ተለጥፏል። እነዚህ ማይኮች የሚሰሙት በጫፋቸው ሳይሆን በገጻቸው ነው። ዩ 87 ላይ አርማው ያለበት ገጽ ፊት ነው። ለዚህች ብቻ ከተማውን አቋርጬ የሄድኩበት ቀን አለ። ማይኩን አዞርኩት፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ።

ድምፁ ካነሰ ወይም ቤዙ ከጠፋ፣ ዩ 87 ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ስዊቾች እዩ። አንዱ 10 ዲሲቤል ይቀንሳል፣ ሌላው የታችኛውን ድምፅ ይቆርጣል። ከበሮ ሲቀዳ ይነካሉ፣ የሚመልሳቸው የለም።

አንሶም ቀጥኖም ኸምታ ከጨመረ፣ ከኤክስኤልአሩ (ባለ ሦስት ፒኑ የማይክ ጃክ) ፒን 2 ወይም ፒን 3 አንዱ ተነቅሏል። ርካሹ ጃክ ገመዱን የሚይዝበት ጥርስ ስለሌለው፣ በተሳበ ቁጥር የሚጎተተው ብየዳው ነው። በመቶ ሺዎች ብር ማይክ ገዝቶ ጃክ ላይ የሚቆጥብ ሰው አይገባኝም።

መብራቱ በርቷል፣ ማይኩ ግን ደክሟል

የፋንተሙ መብራት በራ ማለት 48 ቮልት ደረሰ ማለት አይደለም። ማይኩን ንቀሉና የኬብሉ ጫፍ ላይ በመልቲሜትር ለኩ፤ ከፒን 1 ወደ 2፣ ከዚያ ከፒን 1 ወደ 3። ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ቮልት ውስጥ መሆን አለባቸው። እርስ በርሳቸውም እኩል።

ማይኩ ሲሰካ ቮልቱ መውረዱ ጤና ነው። ዩ 87 ኤአይ 0.8 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሚስብ ቢቀንስ 3 ቮልት ያህል ነው። ሲ 414 ኤክስኤልኤስ ግን 4.5 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። ፋንተሙ በሚያልፍባቸው ሁለት የ6.8 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ላይ 15 ቮልት ያህል ይጠፋል። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ደካማ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ኤአይን በደንብ አሠርቶ 414ን የሚያንቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የድሮው ዩ 87 ደግሞ የካፕሱሉን (ዲያፍራሞቹን የያዘውን ክፍል) ቮልት በቀጥታ ከፋንተሙ ይወስዳል። ፋንተሙ ሲደክም አብሮ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጣው ኤአይ የራሱ ቮልት ማሳደጊያ በውስጡ አለው።

ቸስታው፣ ፍንዳታው፣ መጥፋትና መመለሱ

ይሄ ነው የክረምት እንጀራዬ።

ምልክቱን ከነገራችሁኝ በስልክ አውቀዋለሁ። ማይኩ መጀመሪያ ደህና ነው። ዘፋኙ ሃያ ደቂቃ ከዘፈነ በኋላ ከስር ቸስ የሚል ነገር ይመጣል፣ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ እንደገባ። ከዚያ ጠ! ጠ! ፈንድሻው ይጀምራል። ሲብስበት ድምፁ ለሁለት ሰከንድ ይጠፋና ይመለሳል። አድሮ ጠዋት ሲከፈት ምንም የለውም። እኔ ጋ ሲመጣማ ጭራሽ ይሻለዋል፤ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚወርድ ልጅ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ዲያፍራሟ ከፀጉር ዘለላ በብዙ እጥፍ የቀጠነች ፕላስቲክ ናት። ላይዋ ላይ ወርቅ አለ። ከኋላዋ ካለው ብረት ጋር የ60 ቮልት ያህል ልዩነት ይዛ ትቀመጣለች። ያንን ቻርጅ የሚጠብቀው በቢሊዮን ኦም የሚቆጠር ሬዚስተር ነው። እዚያ ሰፈር የጣት አሻራ እንኳ እንደ ሽቦ ይቆጠራል። ቻርጅ የያዘ ነገር ደግሞ አቧራና ጭስ ይስባል፣ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት እንደሚስበው። የዘፋኙ ትንፋሽ ሲጨመርበት ቆሻሻው ውሃ ይይዛል። ቻርጁ በዚያ እርጥብ መንገድ ሾልኮ ሲያመልጥ ነው ጠ! የሚለው።

አንድ ምድር ቤት ስቱዲዮ ሦስት ክረምት ተመላልሻለሁ። ኬብሉን ቀየሩ። ኢንተርፌሱን ቀየሩ። ኤሌክትሪሲያን ጠርተው ግራውንድ አስቀበሩ። እኔ የገባሁ ቀን በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የእጣን ጭስ ነው። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ሰንደል ይለኮሳል፣ ለመንፈሱ ነው ተባልኩ። ማይኩ ቆሞ የሚያድረው እዚያው ነው፣ ያለ ሽፋን፣ ፋንተሙ እንደበራ። ፍርግርጉን ከፍቼ በባትሪ ሳየው ወርቁ ወርቅ አይመስልም፤ የሻይ ብርጭቆ ታች የሚቀር ዝቃጭ ነው የሚመስለው። «ጋሼ፣ ማይክዎ ቡና ጠጥቷል» አልኳቸው። ባለቤቱ ሳቁ። ሰንደሉ ግን በሚቀጥለውም ክረምት ነበረ።

አሁን ስዊቹን እንደ ሐኪም ማዳመጫ ተጠቀሙበት። ዘፋኙን አስወጡ፣ ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን) ከፍ አድርጉ፣ ሄድፎን አድርጉ። ፓተርን (ካርዲዮይድ፣ ኦምኒ፣ ፊገር ኤይቱን) ስትቀይሩ ግን ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ መቀነሻ) ዝቅ አድርጉ፣ ጥቂት ሰከንድም ጠብቁ። በመቀየሩ የሚመጣውን ጉምታ በሽታ ነው ብሎ ያመጣልኝ ሰው አለ።

ካርዲዮይድ ላይ ጸጥ ብሎ ኦምኒና ፊገር ኤይት ላይ ብቻ ከፈነዳ፣ ጥርጣሬዬ የኋላዋ ዲያፍራም ላይ ነው። ማይኩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማሳደር የሚያመጣው ይሄን ነው፤ ጀርባዋ ጭሱን ስትቀበል ታድራለች። ሥራችሁ ካርዲዮይድ ብቻ ከሆነ እስኪጸዳ ድረስ መቅዳት ትችላላችሁ። በሦስቱም ላይ ከፈነዳ የፊቷ ናት፣ ወይም ውስጥ ያለው ቦርድ እርጥበት ገብቶታል።

መጀመሪያ አድርቁት። ግጥም ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ሲሊካ ጄል አስገቡበት፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን የትንሽ ከረጢት ዓይነት። ሁለት ሦስት ከረጢት አይበቃም፣ እፍኝ ሙሉ ይሁን። ፍሬው ተበትኖ ማይኩን እንዳይነካው በጨርቅ ቋጥሩት። ማይኩን ከነፍርግርጉ አስገቡና ሁለት ቀን እርሱት። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ጄል ከሆነ ቀለሙ ሲቀየር ጠግቧል ማለት ነው፤ 120 ዲግሪ አካባቢ በኦቨን ደርቆ ይመለሳል። በእርጥበት ብቻ የታመመ ማይክ በዚህ ይድናል።

ሩዝ ውስጥ አትክተቱት። ሩዝ ዱቄት አለው፣ ዱቄቱም ካፕሱሉ ላይ ያርፋል። የፀጉር ማድረቂያ አታስጠጉ። የታመቀ አየር አትንፉበት። በአፋችሁም እፍ አትበሉ፤ እርጥበት እያወጣን እናንተ እርጥበት ትጨምራላችሁ።

ሁለት ቀን ደርቆ፣ ዘፋኙ ሲጠጋ ወዲያው ከተመለሰበት፣ ዲያፍራሟ ቆሽሻለች። እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብስቡ። ማጽዳቱ በተጣራ ውሃና በጣም ለስላሳ ብሩሽ፣ ሲሠራው በኖረ ሰው እጅ የሚሆን ነው። እኔ ራሴ ዓመታት ፈርቼ ነው የጀመርኩት። አንድ ጎበዝ ልጅ ዩትዩብ አይቶ በፋርማሲ አልኮልና በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጠረጋት። ጥጡን በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጫፉ ያብለጨልጫል። ዲያፍራሟ መሃል ላይ ደግሞ የጥፍር ስፋት ያህል ወርቅ የለም፣ ከኋላዋ ያለው የብረቱ ቀዳዳ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካፕሱሉ ተቀየረ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ተፈልጎ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ተለምኖ፣ አራት ወር።

ፖፕ ፊልተር አድርጉ፣ ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ። ሲጨርሱ ፋንተሙን አጥፉ፣ ማይኩን አውርዱ፣ ወደ ሳጥኑ። ማውረድ ከሰለቻችሁ ቢያንስ ንጹሕ ከረጢት አልብሱት። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማይኩም ይቀዘቅዛል። ጄኔሬተር እንደተነሳ ተሯሩጣችሁ አፍ ላይ አትደግኑት፤ ሩብ ሰዓት ከሰዉ ጋር ይሙቅ።

ስዊቹ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይቀየርም

ፊገር ኤይት ላይ አድርጉት፣ እያወራችሁ ዙሩት። ፊትና ጀርባው እኩል መስማት፣ ሁለቱ ጎኖች ጭጭ ማለት አለባቸው። ጎኑ ካልሞተ ወይም ጀርባው ካልሰማ፣ የኋላዋ ዲያፍራም አልተያያዘችም ወይም ስዊቹ ቆሽሿል። ብዙ ዓመት ያልተነካ ስዊች ፋንተሙ ጠፍቶ ሳለ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚመለስበት ጊዜ አለ። የኮንታክት ስፕሬይ እንዳትረጩ! ቅባቱ ቦርዱ ላይ ይፈሳል፣ ከዚያ ቸስታው ዓመቱን ሙሉ ነው።

ሌላው ምክንያት ማይኩ ሐሰተኛ መሆኑ ነው። አርማው፣ የእንጨት ሳጥኑ፣ ወረቀቱ ሁሉ ያለው «ዩ 87» ከፍቼ፣ ስዊቹ ከምንም ጋር ሳይያያዝ በሙጫ ተለጥፎ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ሁለት ዓመት ኦምኒ ላይ ኳየር ሲቀዳ ኖሯል። ከመግዛታችሁ በፊት ይችን የመዞር ፈተና አድርጉ፣ ሻጩ ቢያዝንም።

አልፎ አልፎ የሚመጡም አሉ። ፍርግርጉን ስትነኩ ኸምታው ከተለወጠ ግራውንዱ ላልቷል፣ ብሎኖቹን አጥብቁ። ደርቆም ተጠርጎም ሹክሹክታው ካልቆመ የመግቢያው ትራንዚስተር ነው፣ ለቴክኒሻን ስጡ። ቲቲቲት ካለ ስልካችሁን አርቁ።

ከሁለቱ ቀን በኋላ ማይኩን ከማድረቂያው ዕቃ ስታወጡት ኦምኒ ላይ አድርጉት፣ ሁለቱም ዲያፍራም እንዲሠራ። ጌይኑ ከፍ ይበል፣ ክፍሉ ባዶ ይሁን፣ አሥር ደቂቃ በሄድፎን ስሙ። ከዚያ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያንጎራጉር። አሁንም ጸጥ ካለ ለዘፋኙ ደውሉ፣ ጀበናውንም ወደ ሳሎን አውጡት።