በትውልድ ከተማ ቤት ለመሥራት ስታስቡ፦ የግብር ቅናሹ የቱ ጋ ነው?

«ጋሼ፣ እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ለሚገነባ ሰው ግብር ይቀንሳል ተብሏል። ቦታም እየተሰጠ ነው። ቶሎ ይላኩልን።»

እንዲህ ያለ ስልክ ያልደረሰው ዳያስፖራ ጥቂት ነው። ደዋዩ የእህት ልጅ ወይም አብሮ አደግ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም። ከተማው ሲያድግ ማየት ይፈልጋል፣ እናንተም እንድትጠቀሙ ያስባል። ችግሩ ሌላ ነው። «ግብር ይቀንሳል» የሚለው ወሬ ብዙ የተለያየ ነገር በአንድ ጆንያ ከትቶ ይመጣል። አንዱ የንብረት ታክስ ነው፣ አንዱ የሊዝ ክፍያ፣ አንዱ ደግሞ የባለሀብት ማበረታቻ። የትኛው ለእናንተ እንደሚደርስ ሳታውቁ ገንዘብ አትላኩ።

ከንብረት ታክሱ እንጀምር። የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 በጥር 2017 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ከዚያ በፊት ከተሞች «የጣራና ግድግዳ» እያልን የምንጠራውን ግብርና የቦታ ኪራዩን የሚያስከፍሉት በ1968 በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። አዲሱ አዋጅ በሕንፃ ላይ በዓመት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ በመሬት መጠቀሚያ ላይ ደግሞ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ እንዲጣል ይፈቅዳል። የሚሰላው ግን በንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ አይደለም። ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ የገበያው ዋጋ 25 በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ሠራችሁ እንበል። ታክሱ የሚሰላው በ1 ሚሊዮኑ ላይ ነው። ዝቅተኛው ምጣኔ ከተወሰነባችሁ ለቤቱ በዓመት 1,000 ብር ትከፍላላችሁ። ከፍተኛው ከሆነ 10,000 ብር። የመሬቱ ለብቻው ይታሰባል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ፣ በቤቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ምጣኔ መካከል አሥር እጥፍ ልዩነት አለ። ምጣኔውን በዚህ መካከል የሚወስኑት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቤት በሁለት ከተማ ሁለት ዓይነት ታክስ ሊከፈልበት ይችላል። ሰው እንዲገነባ የሚፈልግ ከተማ እጁን ማላላት የሚችለው እዚህ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ለእኔ ይበልጥብኛል። ከተማው ከቤቱ ታክስ ሙሉ በሙሉ ነጻ ቢያደርጋችሁ እንኳ በዚህ ቤት ላይ በዓመት የምታተርፉት ቢበዛ 10,000 ብር ነው። 10,000 ብር ለማትረፍ ተብሎ 4 ሚሊዮን ብር በጥድፊያ አይላክም። «ቅናሹ ሊያልቅ ነው» የሚል ጥሪ ሲመጣ ይህን ስሌት አስታውሱ።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ሊዝ፣ ማለትም ቦታን ከመንግሥት ለረጅም ዘመን የመያዝ ውል ውስጥ ነው። ትልቁ አደጋም እዚያው ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ይላል። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ቅድመ ክፍያው ቢያንስ የጠቅላላ ሊዙ 10 በመቶ ሲሆን ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል፣ ወለድም አለው። የችሮታ ጊዜ የሚባል ነገርም አለ፤ ዓመታዊ ክፍያው የሚጀመርበትን ጊዜ ያዘገያል። እንግዲህ የእህት ልጃችሁ «ቅናሽ» ያለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው፦ በትንሽ ከተማ የጨረታው መነሻ ዋጋ ዝቅ ያለ መሆኑን ወይም የችሮታ ጊዜውን። የችሮታ ጊዜ ግን ዕዳ አይሰርዝም፣ ያስተላልፋል እንጂ። ጊዜው ሲያልቅ ክፍያው ይጀምራል፣ ወለዱም አብሮ አለ። ውሉን ስታዩ «ከመቼ ጀምሮ ስንት እከፍላለሁ?» የሚለውን መልስ በቁጥር ካላገኛችሁ አትፈርሙ።

ከገንዘቡ ይልቅ ሰው የሚሸወደው በጊዜው ነው። አዋጁ ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ገደብ ያስቀምጣል። ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር። በተሰጠው ጊዜ ግንባታ ካልተጀመረ ውሉ ሊሰረዝና ቦታው ሊነጠቅ ይችላል። ከውጭ ሆኖ የሚሠራ ሰው ደግሞ አሠራሩ ይታወቃል። በዚህ ዓመት መሠረት ይወጣል፣ በሚቀጥለው ግድግዳ ይቆማል፣ ከዚያ ልጅ ኮሌጅ ይገባል ወይም ሥራ ይቀየራል፣ ቤቱም ብረቱን ወደ ሰማይ እንደቀሰረ ሦስት ክረምት ዝናብ ይመታዋል። አጥር ብቻ አጥሮ መተው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። መሬቱ ቤት ቢኖርበትም ባይኖርበትም ታክስ አለው፣ የሊዙም ሰዓት ይቆጥራል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ውል ስትገቡ በምኞታችሁ ልክ ሳይሆን በሁለት ዓመት ውስጥ ከኪሳችሁ ሊወጣ በሚችለው ልክ ግቡ። ጂ ፕላስ ሁለት ካላለ የማይሰማ ዘመድ ይኖራል። «ውጭ ኖሮ ኖሮ ይቺን ሠራ» ይላል ብላችሁ አትስጉ። ፎቅ የሌለው ግን ያለቀ ቤት፣ ካርታው በስማችሁ የሆነ፣ ከማንኛውም ጅምር ፎቅ ይሻላል።

ጅምር ቤት ከሰው መግዛት የምታስቡም አላችሁ። እዚያ ላይ አዋጁ ጥብቅ ነው። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው በሚመለከተው አካል ክትትል፣ በግልጽ ሥርዓት መሸጥ አለበት። የሚደርሰውም የከፈለው የሊዝ ገንዘብ ከነወለዱ፣ የሠራው ሥራ ዋጋና የመተላለፊያው ሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። በጓዳ የተፈራረማችሁት ውል ይህን መንገድ ካልተከተለ ካርታ አያመጣላችሁም።

ከከተማው ጫፍ ወጣ ስትሉ ደግሞ ጨዋታው ይቀየራል። «የገበሬ ቦታ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ነገ ወደ ከተማ ይካለላል» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገጠር መሬት የሚተዳደረውም በራሱ ሕግ ነው፤ በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 አለ። ከአርሶ አደር በእጅ ጽሑፍ ውል የተገዛ ቦታ ላይ የሚሠራ ቤት ጨረቃ ቤት ነው። ውሉ የሚያስከትለውን ደግሞ ሻጩም ይሸከመዋል፤ የልጆቹን ማሳ ነው የሰጣችሁ። እዚህ ላይ አንድ በጣም የተለመደ ማታለያ አለ። «ቦታው ሕጋዊ ነው፣ ግብር ተከፍሎበታል» ብለው ደረሰኝ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ። የግብር ደረሰኝ ገንዘብ መከፈሉን ያሳያል እንጂ ባለይዞታ አያደርግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ግምት የሚሰጠው ለባለቤትነት ማረጋገጫው ነው፣ እኛ ካርታ ለምንለው።

ገጠሩን ለማልማት የታሰበ እውነተኛ የግብር ቅናሽስ የለም? አለ፣ ግን ለመኖሪያ ቤት አይደለም። በ2005 የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 እንደ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ሶማሌ፣ ከአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ 15 ኪሎ ሜትር ውጪ ያለው አፋር፣ ጉጂ፣ ቦረና፣ ደቡብ ኦሞ ባሉ አካባቢዎች ለሚያለማ ባለሀብት ተጨማሪ ማበረታቻ ሰጥቶ ነበር። መደበኛው የገቢ ግብር ነጻነት ጊዜ ካለቀ በኋላ ለ3 ተከታታይ ዓመት የ30 በመቶ ቅናሽ ያገኝ ነበር። ያ ደንብ በ2014 በደንብ ቁጥር 517 ተተክቷል፤ ዛሬ የምትጠይቁት በዚህ በኋለኛው መሠረት ነው። ለተፈቀዱ የሥራ ዓይነቶች የካፒታል ዕቃና የግንባታ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ማስገባትም በዚህ መስመር ይመጣል። ቅናሹ የገቢ ግብር ስለሆነ ትርፍ ከሌለ ቅናሽም የለም። ፈቃድ ሳታወጡ የጀመራችሁትን ሥራ ኋላ ሄዳችሁ «ማበረታቻ ይገባኛል» ማለትም ያስቸግራል። በትውልድ አካባቢያችሁ ፋብሪካ ወይም ሎጅ የምታስቡ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ ከዚያ ግንባታ ይሁን። ለእናት የሚሠራን ቤት ግን «ኢንቨስትመንት» ብለው በዚህ በኩል አሳልፈው ሴራሚክ ያለቀረጥ እናስገባላችኋለን የሚሉትን አትስሙ። ጣጣው በስማችሁ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ የውጭ ዜጋ ናችሁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ለውጭ ዜጋ ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር፣ በ2017 የወጣ ሕግ ነው በገደብ የፈቀደው። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በሩን ቀድሞ የከፈተው በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን የሚያሳየውን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ ካወጣችሁ ቤት በስማችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ካርዱን ሳያወጡ በወንድም ስም ቦታ የሚገዙ ብዙ ናቸው። ወንድም ያገባል፣ ወንድም ሊሞትም ይችላል። ያኔ ቤቱ በሕግ ፊት የሚስቱና የልጆቹ ነው፣ እነሱም መብታቸውን ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ቢጫ ካርዱን አስቀድሙ።

የወላጆች ቤት ላይም እንዲሁ። አባት ካረፉ ዓመታት አልፈው ካርታው አሁንም በእሳቸው ስም የሆነ ቤት ስንት አለ! ግብሩ ሲዘነጋ ቅጣቱ ይጠራቀማል፣ ማስተካከል ሲፈለግ ደግሞ ከግብሩ በፊት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ያንን ከፍርድ ቤት አውጡ፣ የተጠራቀመውን ከፍላችሁ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ) ውሰዱ፣ ስም አዛውሩ። አሰልቺ ነው። ቢሆንም እናት በሕይወት እያሉ፣ ወንድምና እህት እየተነጋገሩ ሳለ ማድረጉ በኋላ በችሎት ከመገናኘት ያድናል።

ውክልና ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስትሄዱ የሚሰጣችሁ የተዘጋጀ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ሐረግ አለበት። ቤት ለማሠራት ይህ አያስፈልግም። ሰርዙት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል፤ 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። እናንተ ያንን ቃል ካልጻፋችሁ ማንም በእናንተ ስም ቤት አይሸጥም። በምትኩ የሚሠራውን በዝርዝር አስጽፉ፦ «የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት፣ የንብረት ታክስና የሊዝ ክፍያ ለመክፈል፣ ክሊራንስ ለመቀበል፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ለማስገባት፣ በማዘጋጃ ቤትና በቀበሌ ቀርቦ ለማስረዳት»። ጊዜም ይኑረው፣ ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ ይበቃል። ከውጭ የመጣው ውክልና አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። ያለዚያ የከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት ቢመልሰው አትገረሙ።

ወኪላችሁ «ቅናሽ አለ» ካላችሁ የመጀመሪያ ሥራው ደብዳቤ ማምጣት ይሁን። ደብዳቤው ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ያደረገበት፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ የትኛው ክፍያ እንደሚቀነስ፣ በስንት በመቶ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና በየትኛው ደንብ ወይም መመሪያ እንደተወሰነ የሚገልጽ ይሁን። ኃላፊው በቃል «ችግር የለም» ቢል ቃሉ ከእሱ ጋር ይዛወራል፤ በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ኃላፊ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ደብዳቤ አንጽፍም ካሉ ቅናሹን እንደሌለ ቆጥራችሁ በጀታችሁን ሥሩ።

ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው በየዓመቱ የሚደረግ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሐምሌ ወኪላችሁን ወደ ገቢዎች ላኩ፣ የዓመቱን ልክ ይጠይቅ፣ ይክፈል፣ ዋናውን ደረሰኝ በቤቱ ፋይል ያስቀምጥ፣ ፎቶውን ለእናንተ ይላክ። ፎቶው ላይ ስሙ የማን እንደሆነ፣ የቤት ቁጥሩና የካርታ ቁጥሩ መግጠሙን ራሳችሁ እዩ። ደረሰኙ በወኪሉ ስም ከተቆረጠ በዚያው ሳምንት እንዲስተካከል አድርጉ። ቤቱን ካከራያችሁት የኪራይ ገቢ ግብር ሌላ ነው፣ ከንብረት ታክሱ ጋር አይጣፋም። ተከራዩን የሚያስገባው ሰው ውሉንም በጽሑፍ ያድርግ፣ ቅጂውም ከደረሰኙ ጋር ይምጣላችሁ።