የባድሜንተን ውድድርን በኢንተርኔት ሲከታተሉና ሲወራረዱ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

የአውሮፓ ሊጎች ተጫውተው ሲያበቁ የአቋማሪ ድርጅቶች ገጽ ባዶ አይቀርም። ጎህ ሲቀድ ከእስያ የሚመጣው ባድሜንተን ተራውን ይይዛል። ራኬት ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ ኦዱን (ድርጅቱ ላሸነፈ ቲኬት የሚከፍለውን ብዜት) ብቻ አይቶ ቲኬት ይቆርጣል፣ ቲኬቱ ሲቃጠል ደግሞ ዕድሉን ወይም ተጫዋቹን ይረግማል። ይህን ስፖርት ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው። ከስሞታው አብዛኛው የሚመነጨው ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ ካለማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚነሱት ችግሮች ናቸው። ሳይወራረድ ጨዋታውን ብቻ ለሚከታተልም አብዛኛው ይጠቅማል።

«በተባለው ሰዓት ብከፍት ጨዋታው አልቋል»

መርሃ ግብሩ የሚወጣው ውድድሩ በሚካሄድበት አገር ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችን ራሱ ስድስት ሰዓት ይለያል። ሁለቱን ልዩነት በየጊዜው ማስላት ስለሚያሳስት አቋራጩን መያዝ ይሻላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው የጃፓንና የኮሪያ ሰዓት ቁጥሩ ከሐበሻ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 3 ሲል እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 3 ነው። በቻይና፣ በማሌዥያና በሲንጋፖር ሰዓት ላይ 1 ይደመራል፦ ኳላ ላምፑር ረፋድ 10 ሰዓት ማለት ለኛ ከንጋቱ 11 ነው። በጃካርታ 2፣ በሕንድ ሦስት ሰዓት ተኩል ይደመራል። በመጋቢት በርሚንግሃም ለሚካሄደው ኦል ኢንግላንድ ደግሞ 3 ይቀነሳል።

ሰዓቱን በትክክል አስልቶም የሚያመልጠው አለ። በየሜዳው ቁርጥ ያለ ሰዓት ያለው የዕለቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ብቻ ነው። የቀሩት የፊተኛው ሲያልቅ ይቀጥላሉ፤ አንዱ ጨዋታ በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ፣ ሌላው ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የሚከታተሉትን ተጫዋች ሰዓት ሳይሆን የሜዳውን ቁጥርና በዚያ ሜዳ ስንተኛ እንደሆነ ይመዝግቡ፣ ከዚያም ከፊቱ ያለውን ጨዋታ ውጤት እያዩ ይጠብቁ።

«ቪዲዮው በአገርዎ አይታይም ይለኛል»

የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን ብዙ ጨዋታዎችን በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ያስተላልፋል፤ የማስተላለፍ መብቱ ለአገር ውስጥ ቴሌቪዥን በተሸጠበት አገር ግን ይዘጋል። የቀጥታ ነጥቡ በፌዴሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ መከታተል ይቻላል። የፌዴሬሽኑ ትልልቅ ውድድሮች ከሱፐር 1000 እስከ ሱፐር 100 በደረጃ ይከፈላሉ፤ ከሱፐር 100 በታች ባሉ ትንንሽ ውድድሮች ቪዲዮ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። እኔ ማንም በዓይኑ በማያየው ጨዋታ ላይ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ አልመክርም።

«ላይቭ ስቆርጥ ኦዱ ተቀይሯል እያለ ይመልስብኛል»

መንስኤው የእርስዎ ስልክ ወይም ኔትወርክ ብቻ አይደለም። ዋና ዳኛው ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ከፊቱ ባለው መሣሪያ ይመዘግባል፣ ያም ወዲያው ወደ ነጥብ አቅራቢዎቹ ይሄዳል። ቪዲዮው ግን እርስዎ ጋ የሚደርሰው ከብዙ ሰከንዶች በኋላ ነው። የባድሜንተን አንድ ቅብብል ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፣ በተለይ በወንዶች ጥንድ። እናም እርስዎ «አሁን ስማሽ (ወደ ታች የሚወረወር ኃይለኛ ምት) ሊመታ ነው» ብለው የሚያዩት ኳስ ሜዳው ላይ ከወደቀ ቆይቷል፤ ድርጅቱ ያውቃል፣ እርስዎ አያውቁም። ተቀብሎዎት ከሆነ እንኳን የተቀበለው ስለሚጠቅመው ነው።

መፍትሄው በነጥብ በነጥብ የሚደረገውን ውርርድ ሙሉ በሙሉ መተው ነው። ላይቭ መግባት ግድ ከሆነ ጨዋታው ቆሞ እርስዎና ድርጅቱ አንድ ነገር የምታዩበትን ጊዜ ይምረጡ፦ አንዱ ወገን 11 ሲደርስ የ60 ሰከንድ እረፍት አለ፣ በጌሞች መካከል ደግሞ የ120 ሰከንድ (ጌም የጨዋታው አንድ ክፍል ነው፤ ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል)። ይህ በ21 ነጥብ ለሚያልቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለተሠራበት አቆጣጠር ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2025 በተመረጡ ውድድሮች በ15 ነጥብ የሚያልቅ ጌም ስለሞከረ፣ የነጥብ ድምር ላይ ከመወራረድዎ በፊት ውድድሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚካሄድ ማየት ያስፈልጋል።

«የመጀመሪያውን 21 ለ 10 አሸንፎ ሁለተኛውን እንዴት በሰፊው ይሸነፋል? ተሸጧል!»

ይህ ክስ በጣም ይበዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሐሰት ነው። ሻትልኮክ፣ ማለትም የባድሜንተን ኳስ፣ 16 ላባ ያለው፣ ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም የሆነ ነገር ነው። በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው የሚፈጥረው ነፋስ በቀላሉ ይገፋዋል። የሲንጋፖር ኢንዶር ስታዲየም በዚህ የታወቀ ነው። ነፋሱ ከጀርባው የሚመጣበት ተጫዋች ወደ ኋላ የሚያነሳው ኳስ ከመስመር ይወጣበታል፣ ስለዚህ እጁን ይሰበስባል። ነፋሱን ፊት ለፊት የሚጫወተው ደግሞ በድፍረት ይመታል፣ ኳሱ ሜዳ ውስጥ ይወድቅለታል፤ ግን ተጋጣሚውን ወደ ኋላ ለመግፋት ብዙ ጉልበት ይከፍላል። የትኛው የሜዳ ወገን እንደሚሻል በአዳራሹና በተጫዋቹ ስልት ይወሰናል። ተጫዋቾቹ ከየጌሙ በኋላ ወገን ይለዋወጣሉ፣ በሦስተኛው ጌም ደግሞ 11 ላይ እንደገና። ስለዚህ 21 ለ 10 ከዚያም 12 ለ 21 የሚል ውጤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየሩ ነው።

መለያ ዘዴ አለው። በዚያው ሜዳ ቀደም ብለው የተካሄዱትን ጨዋታዎች ውጤት ይክፈቱ። በብዙዎቹ አንዱ ወገን ላይ የቆመው ሁልጊዜ እየበለጠ ከሆነ ነገሩ የወገን ነው። ያኔ የመጀመሪያውን ጌም አሸናፊ አይቶ በዝቅተኛ ኦድ መግባት ገንዘብ መጣል ነው፤ በተቃራኒው ደግሞ ጎበዙ ተጫዋች በክፉው ወገን ቆሞ በጥቂት ነጥብ ብቻ ከተሸነፈ ብዙ አይፍሩለት። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ለሚጫወቱ፦ በከፍታችን አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትልኮክ ርቆ ይበርራል። ሲገዙ ዝቅተኛ የፍጥነት ቁጥር ያለውን ይምረጡ።)

ከነፋሱ ሌላ ሁለተኛ መንስኤ አለ፤ ድካም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮፐንሃገን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ፍጻሜ ኩንላቩት ቪቲድሳርን ኮዳይ ናራኦካን 19 ለ 21፣ 21 ለ 18፣ 21 ለ 7 ነው ያሸነፈው። በሦስተኛው ጌም የታየው 7 ነጥብ የተሸጠ ጨዋታ ሳይሆን ረጅም ቅብብል የጨረሰው እግር ነው።

«20 ለ 17 እየመራ ካሽ አውት አላደረግኩም (ጨዋታው ሳያልቅ ቲኬቱን መልሼ ገንዘብ አልወሰድኩም)፤ ተበላሁ»

በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ላክሽያ ሴን ቪክቶር አክሰልሰንን በመጀመሪያው ጌም 20 ለ 17 ይመራ ነበር። 22 ለ 20 ተሸነፈ። በሁለተኛው 7 ለ 0 መራ፣ እሱንም 21 ለ 14 ተሸነፈ። በባድሜንተን ሰዓት አልቆ የሚያድን የለም፣ የመጨረሻው ነጥብ መቆጠር አለበት። 20 እኩል ሲሆኑ የሁለት ነጥብ ልዩነት ይጠበቃል፣ እስከ 29 እኩል ከተጓዙ 30ኛውን ያገኘ ያሸንፋል።

አንድ ስሌት ልብ ይበሉ። ከ100 ቅብብል 52ቱን የሚያሸንፍ ተጫዋች አንድ ጌም የማሸነፍ ዕድሉ ወደ 60 በመቶ፣ ሙሉውን ጨዋታ ደግሞ ወደ 65 በመቶ ነው። የተሻለው ተጫዋች ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ይሸነፋል ማለት ነው። ኦዱ ላይ ያለውንም ያስሉ፦ ለሁለቱም 1.85 ከተሰጠ 1ን ለ1.85 አካፍለው ሁለቱን ሲደምሩ 108 በመቶ ይሆናል፤ ከመቶ የተረፈው 8 የድርጅቱ ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ያሰረ ሰው ይህን ድርሻ አምስት ጊዜ ከፍሏል።

ደረጃን አይቶ መቁረጥም ያሳስታል። የዓለም ደረጃ የሚሠራው በ52 ሳምንት ውስጥ ከተገኙ ምርጥ 10 ውጤቶች ነው። ከስድስት ወር በፊት ያማረበት ሰው ዛሬ ጉልበቱን ታሞም ደረጃው ላይ ይታያል። በዚያ ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ተጫዋቾች በሱፐር 1000 እና በሱፐር 750 ውድድሮች የመሳተፍ ግዴታ ስላለባቸው፣ ሙሉ ጤና ሳይኖራቸው የሚገቡበት ሳምንት አለ። የተጫዋቹን ያለፉ ሦስት ሳምንታት ማየት ከደረጃው የበለጠ ይናገራል።

«የኔ ተጫዋች እየመራች ጨዋታው ተቋረጠ፤ ብሬ የት ገባ?»

በዚያው ፓሪስ፣ በሴቶች ነጠላ ግማሽ ፍጻሜ፣ ስፔናዊቷ ካሮሊና ማሪን ቻይናዊቷን ሄ ቢንግጂያኦን የመጀመሪያውን 21 ለ 14 አሸንፋ በሁለተኛው 10 ለ 8 እየመራች ጉልበቷ ተጎዳና አቋረጠች። አዳራሹ ሁሉ ያዘነበት ቀን ነበር። ሄ ቢንግጂያኦ ወደ ፍጻሜ አለፈች፣ በሽልማቱ መድረክ ላይም የስፔንን ዓርማ በእጇ ይዛ ቆመች። ለተወራራጁ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ማሪን ላይ የተቆረጠ ቲኬት ምን ይሆናል?

መልሱ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። አንዳንዱ ጨዋታው ካላለቀ ቲኬቱን ሰርዞ ገንዘቡን ይመልሳል። ሌላው አንድ ጌም ካለቀ ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈችውን አሸናፊ ያደርጋል። «የመጀመሪያውን ጌም ማን ያሸንፋል» የሚለው ግን ጌሙ ስላለቀ ብዙ ጊዜ ይጸናል። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት የድርጅቱን ደንብ ከፍተው የባድሜንተንን ክፍል፣ ከሌለም የመቋረጥን ክፍል ያንብቡ። አንዴ ማንበብ ይበቃል። ደንቡ በግልጽ ካልተጻፈ እዚያ ቤት ባድሜንተን አይቁረጡ።

በምድብ ጨዋታ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኬቪን ኮርዶን ከፓሪሱ ውድድር በክርን ጉዳት ሲወጣ፣ ላክሽያ ሴን እሱን ያሸነፈበት ውጤት ከምድቡ ተሰረዘ። የምድብ አላፊ ላይ የሚወራረድ ሰው ይህን ካላወቀ ሠንጠረዡን ሲያይ ግራ ይገባዋል።

«ዋንግ ላይ ቆርጬ ዋንግ አሸንፎ ተቃጠለ»

በፓሪስ የወንዶች ጥንድ ፍጻሜ በሁለቱም ወገን ዋንግ ነበር፦ ዋንግ ቺሊን ከሊ ያንግ ጋር ለታይፔይ፣ ዋንግ ቻንግ ከሊያንግ ዌይኬንግ ጋር ለቻይና። በቻይናና በኮሪያ የቤተሰብ ስም ፊት ስለሚመጣ በአጭሩ ሲጻፍ ይመሳሰላል። ባንዲራውንና የሁለቱንም ስም አይተው ይቁረጡ።

«ቴሌግራም ላይ ፊክስድ (ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ) የባድሜንተን ጨዋታ ይሸጡልኛል»

የሚሸጥልዎ ነገር የለም። ሻጩ ለግማሹ ሰው አንዱን ተጫዋች፣ ለግማሹ ሌላውን ይልካል፤ ያሸነፈለት ግማሽ ያምነዋል፣ በሚቀጥለው ይከፍላል። የአሸነፈ ቲኬት ፎቶ ደግሞ በስልክ ይሠራል።

የተሸጠ ጨዋታ በዚህ ስፖርት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ማሌዥያዊው ዙልፋድሊ ዙልኪፍሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ20 ዓመት ታገደ፤ በጥር 2021 ስምንት ኢንዶኔዥያውያን ተቀጡ፣ ከእነሱ ሦስቱ ዕድሜ ልክ። በለንደን 2012 ደግሞ አራት የሴቶች ጥንዶች የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ለመምረጥ ሆን ብለው ለመሸነፍ በመጫወታቸው ከኦሊምፒኩ ተባረሩ። እውነተኛ መረጃ ያለው ሰው ግን በጥቂት መቶ ብር ለማያውቀው ሰው አይሸጠውም። ቻናሉን ሪፖርት አድርገው ይውጡ።

«የጠፋብኝን ለመመለስ እጥፍ እያደረግኩ ነው»

የባድሜንተን ውድድር ሳምንቱን ሙሉ፣ በአንድ ቀን በብዙ ሜዳ፣ በአምስት ዘርፍ ይካሄዳል። ከአንዱ ተሸንፎ ወደሚቀጥለው ለመግባት ደቂቃ አይፈጅም፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። እጥፍ ማድረግ የድርጅቱን 8 በመቶ አይቀንሰውም፣ በትልቅ ገንዘብ ላይ ያስከፍላል እንጂ። አካውንቱ ላይ የቀንና የሳምንት የገንዘብ ገደብ ማስገቢያ ካለ ዛሬውኑ ያስገቡ፤ ከሌለ ወይም ካልበቃ አካውንቱን እንዲዘጉ በጽሑፍ ይጠይቁ። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ብድር ከተነካ ለቤተሰብ ወይም ለሚያምኑት ሰው በዚያው ሳምንት ይንገሩ። ጨዋታውን መመልከት መተው የለብዎትም፣ ያለ ቲኬትም ያምራል።

«አሸንፌ ብሩን ማውጣት አልቻልኩም»

በብዛት መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው። አካውንቱ የተከፈተበት ስም ከመታወቂያው ወይም ከክፍያ ሒሳቡ ስም ጋር አይመሳሰልም፤ ወይም በቪፒኤን ገብተዋል፤ ወይም ቦነስ ተቀብለው ቅድመ ሁኔታውን አልጨረሱም። ድርጅቱ በሚኖሩበት አገር ፈቃድ ከሌለው ደግሞ አቤት የሚሉበት ቦታ አይኖርም። በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኳታር ውርርድ ክልክል ነው፣ እዚያ ያላችሁ በመከታተል ብቻ ተወሰኑ። በአሜሪካ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ፈቃድ ያለው ቤት ሆኖ ከዘገየ የቲኬቱን ቁጥር፣ የቆረጡበትን ሰዓትና የደንቡን ገጽ ፎቶ አንስተው በጽሑፍ ያመልክቱ። መልስ ካጡ ያንኑ ማስረጃ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ያስገቡ።