«ዳይኧጄቲክ» (diegetic) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል እንዴት እንጠቀምበት?

በአንድ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን መኪና ስትነዳ ዘፈን ይሰማል። እጇን ሰድዳ ሬዲዮኑን ስታጠፋው ዘፈኑም አብሮ ጸጥ ይላል። ይህ ዘፈን ዳይኧጄቲክ ነው፤ ምንጩ እሷ ባለችበት የታሪኩ ዓለም ውስጥ ነውና። ሬዲዮኑ ጠፍቶም ቫዮሊን ከተሰማ ግን ለተመልካቹ ብቻ የገባ ማጀቢያ ነው፤ ያኔ ነን-ዳይኧጄቲክ እንለዋለን።

ቃሉ ትረካ ከሚለው የግሪክ ስም የመጣ ነው። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ፣ ገጣሚው በራሱ አንደበት የሚተርከውን ሌላ ሰው መስሎ ከሚናገረው ለመለየት ተጠቅሞበታል። ለልብ ወለድ ጥናት ያስፋፋው ፈረንሳዊው ጄራር ዠኔት ነው፤ ሥራው በ1972 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ሲነበብ ዳይ-ኧ-ጄ-ቲክ ነው፤ «ጄ» ላይ ጠበቅ ይደረጋል። ሲጻፍ ከመካከሉ ያለው ፊደል ጂ መሆኑን አይተው ይለፉ። በቲ ከተተካ ስለ አመጋገብ የሚናገር ሌላ ቅጽል ይሆናል፣ የፊደል ማረሚያውም ስህተት ብሎ አያሰምርበትም።

መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገጸ ባሕርይዋ ልትሰማው ወይም ልታየው ትችላለች? ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምስሉ ላይ የማይታየውን ሁሉ ነን-ዳይኧጄቲክ ሲል ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሚጮህ ውሻ ባይታይም ሴትዮዋ ትሰማዋለች፤ ስለዚህ ዳይኧጄቲክ ነው። በቪዲዮ ጌምም ያው ነው። የቀረው ጥይት ብዛት በራሱ በጠመንጃው ላይ ከተጻፈ ዳይኧጄቲክ፣ በስክሪኑ ጥግ ለተጫዋቹ ብቻ ከታየ ነን-ዳይኧጄቲክ ነው።

ከስም በፊትም («ዳይኧጄቲክ ድምፅ»)፣ ከግስ ጋርም («ድምፁ ዳይኧጄቲክ ነው») ይገባል። «በጣም» የሚል ማጉያ ግን አይስማማውም፤ ድምፁ ወይ የታሪኩ ዓለም ነው፣ ወይ አይደለም። የአንድን ሰው የተረት አዋቂነት ለማወደስም አይሆንም። ለዚያ «ናሬቲቭ» የሚለው የተለመደ ቃል ይበቃል።

የሚያስቸግረው ሙዚቃዊ ድራማ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ሲዘፍኑ አንዱ ሌላውን ይሰማል፤ ያጀባቸው ኦርኬስትራ ግን መንገዱ ላይ የለም። እዚህ ላይ ትዕይንቱን ሁሉ በአንድ ቅጽል ከመጠቅለል ድምፃቸውን ዳይኧጄቲክ፣ አጃቢውን ነን-ዳይኧጄቲክ ብሎ ለያይቶ መጻፍ ይሻላል።