ለልጅ ያልተለመደ ስም እንዴት ይወጣል? ከአባቱ ስም ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት

የመጀመሪያ ልጄን ሰላም አልኳት። እኔ ደምሰው እባላለሁ። ለልደት ምዝገባ ስንሄድ ጸሐፊዋ ከቅጹ ላይ «ሰላም ደምሰው» ብላ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። ሳቋን ልትደብቅ ብትሞክርም አልሆነላትም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስም ስናማርጥ ሁለቱን አንድ ላይ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ለሁለተኛዋ ግን ተምረን ነበር።

ፍለጋውን ከቤት ጀምሩ። አያቶችን የቅድመ አያቶቻችሁን ስም ብቻ ሳይሆን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁም ጠይቁ። ማስረሻ ሐዘን ለሚያስረሳ፣ ምትኩና ካሳሁን በሞተ ሰው ፈንታ ለመጣ ልጅ የሚወጡ ናቸው። ድምፁን ብቻ ወዳችሁ አትውሰዱ።

ከዚያ ትርጉሙን አጣሩ። በየቲክቶኩ «በግዕዝ እንዲህ ማለት ነው» የሚባለውን እኔ አላምንም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ወይም የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ (1962 ዓ.ም.) ግለጡ። አስካለ የመጣው ከግዕዙ አስካል፣ ከወይን ዘለላ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ከሆነ ምዕራፉን ራሱን አንብቡ፦ ማራ ለጆሮ ይጥማል፣ ሩት 1፥20 ላይ ግን ኑኃሚን ሕይወቷ ቢመርባት ለራሷ ያወጣችው ስም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጁ ስም ዕድሜ ልኩን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ተሰልፎ ይነበባል። የአማርኛ ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ግስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲገጥሙ ማንም ያላሰበው ዓረፍተ ነገር ይወጣል፦ ደስታ ማስረሻ፣ ሕይወት ይበቃል፣ ብርሃን ናደው።

የአባትየው ስም እንደኔ ትእዛዝ ከሆነ (ጣሰው፣ ናደው፣ ደምሰው) ከፊቱ እንደ ሰላም ወይም ፍቅር ያለ በራሱ የማይቋጭ ስም አታስቀምጡ፤ ትእዛዙ እሱ ላይ ያርፋል። በራሱ የሚቋጭ ስም ፈልጉ፦ ተዋበች፣ እጅጋየሁ፣ ማንያህልሻል። እነዚህ ሐሳባቸውን ጨርሰው ስለሚያርፉ ቀጥሎ የሚመጣው አይነካቸውም። ሦስቱንም ስም በወረቀት ጻፉና ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ ጮክ ብሎ ያንብብ። ፊቱን እዩ። እናንተ ራሳችሁ ብታነቡት አይታያችሁም፤ ጆሯችሁ ለምዶታል።

የቀረው ቀላል ነው። ሕይወት ነው ህይወት? አንዱን ምረጡና በሁሉም ወረቀት ላይ እንዳይለያይ። ውጭ አገር የምትኖሩ ጸ፣ ጨ እና ቀ ያለበትን ስም ጎረቤታችሁ ሲጠራው አንድ ጊዜ አድምጡ። የክርስትናው ስም ለብቻው ስለሆነ በ40ና በ80 ቀን ካህኑ ይጨርሱታል፤ ምዝገባው ግን 90 ቀን ሳያልፍ ይሁን።

ሁለተኛዋን በአያቴ ስም ማንያህልሻል አልናት። ያቺው ጸሐፊ «ማንያህልሻል ደምሰው» ብላ አነበበችና ማኅተሙን መታችው። መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ወዲህ ግን ማኒ ሆናለች።